የተቆረጠው ፍላጀለም ለምን ግማሽ ላይ ይቆማል?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ሐይቅ የቀዳነውን ውሃ በማይክሮስኮፕ ስንመለከት፣ አንዲት ተማሪዬ የአልጌዎቹ ፍላጀላ (ለመዋኘት የሚጠቀሙባቸው ጅራፍ መሰል ክሮች፤ ነጠላው ፍላጀለም ይባላል) ቢቆረጥ መልሶ ይበቅል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደሚበቅል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ ኬሚካል ተጨምሮም እስከ ግማሽ ያህል እንደሚያድግ አንብቤ ግራ ገብቶኛል። አዲስ ፕሮቲን ከሌለ በምን ያድጋል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ግራ ያጋባዎት ውጤት በዚህ ምርምር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ነው። ነገሩ በሚገባ የተጠናው ክላሚዶሞናስ በተባለው ባለሁለት ፍላጀላ አረንጓዴ አልጌ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ፍላጀለም ርዝመት ከ10 እስከ 12 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ በአሲድ ቢቆረጥ በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ መልሶ ሙሉ ይሆናል፤ ዕድገቱም መጀመሪያ ላይ ፈጣን ሆኖ ወደ መጨረሻው እየዘገየ ይሄዳል።

ያነበቡት ዓይነት ኬሚካል የሆነው ሳይክሎሄክሲማይድ የሚያግደው አዲስ ፕሮቲን መሥራትን እንጂ አስቀድሞ የተሠራውን አይደለም። ሕዋሱ ጎተራው እንዳልተሟጠጠ ገበሬ ቱቡሊን የተባለውን ፕሮቲንና ሌሎች የፍላጀለም ፕሮቲኖችን አከማችቶ ስለሚቆይ፣ እነርሱ እስኪያልቁ ድረስ ይገነባል፤ ሲያልቁም ግማሽ ገደማ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ያ ግማሽ ርዝመት የክምችቱን መጠን ይነግረናል። ኮልቺሲን የተባለው ሌላ ኬሚካል ግን ቱቡሊኑን ራሱን ይዞ ፍላጀለሙ ወደሚገነባባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች (ማይክሮቱቡሎች) እንዳይገጣጠም ስለሚከለክል፣ ክምችቱ እያለም ፍላጀለሙ አያድግም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሕዋስ ባዮሎጂ ተመራማሪው ጆኤል ሮዘንባምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ሥራ ነው። ከሁለቱ ፍላጀላ አንዱ ብቻ ሲቆረጥ ያልተነካው ማጠር ይጀምራል፣ የተቆረጠው ደግሞ ያድጋል፤ እኩል ሲሆኑም አብረው ወደ ሙሉ ርዝመታቸው ይመለሳሉ። ሳይክሎሄክሲማይድ ካለ እኩል ከሆኑበት ርዝመት አያልፉም። ኮልቺሲን ሲጨመር ግን የተቆረጠው ባያድግም ያልተነካው ማጠሩን አይተውም፤ ማጠርና ማደግ ተነጣጥለው ሊሄዱ የሚችሉ ሂደቶች መሆናቸው የታወቀው በዚህ ነው።

ሁለቱም ኬሚካሎች መርዛማ ስለሆኑ ወደ ክፍል እንዳያስገቧቸው አደራ እላለሁ። መቆረጡንና መብቀሉን ብቻ ለማሳየት ግን ለብቻው የተራባ ክላሚዶሞናስ ካገኙ፣ አሴቲክ አሲድ በጠብታ ጨምረው ፒኤቹን ወደ 4.5 ያውርዱ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላም በቀጭኑ በተበረዘ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7 ይመልሱት። ካልሲየም ከሌለ ፍላጀላው ስለማይቆረጥ ውሃው ካልሲየም ያለው ይሁን። ከዚያ በየ15 ደቂቃው አንድ ጠብታ ወስደው ሕዋሶቹን በአዮዲን ገድለው ባሉበት ካቆዩ በኋላ፣ ተማሪዎችዎ ርዝመቱን እየለኩ በግራፍ ሊያስቀምጡት ይችላሉ።