«የእርግዝና ዕድሜ» ከመቼ ይቆጠራል? ጥያቄና መልስ

በአዋላጅ ነርስነት ስለምሠራ፣ በነፍሰ ጡር ክትትል ካርድ ላይ ስለሚጻፈው «የእርግዝና ዕድሜ» የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከጅዳ ከተመለሰ ገና 6 ሳምንቱ ነው። የአልትራሳውንዱ ውጤት ግን 8 ሳምንት ይላል። በቤታችን ነገር ተነሥቷል፤ የተሳሳተው ማን ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ የተሳሳተ የለም። የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው ከተፀነሰበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ይህን ቀን ብዙ ሴቶች ሲያስታውሱት፣ ፅንሱ የተፈጠረበትን ቀን ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ጥቂት ነው። የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ሴት የምትፀንሰው ከዚያ 2 ሳምንት ገደማ ቆይታ ስለሆነ፣ ካርድዎ ላይ 8 ሳምንት የተባለው ከተፀነሰ 6 ሳምንት ገደማ የሆነው ነው። ባለቤትዎ ለሚቀጥለው ክትትል አብረዎት ቢመጡና ከባለሙያው አፍ ቢሰሙት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ «9 ወር ከ5 ቀን» የሚባለው ከየት መጣ?

መልስ፦ ቤተ ክርስቲያን ከመጋቢት 29 ብሥራት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት የምትቆጥረው ነው፤ ጳጉሜን በመካከል ስላለች 275 ቀን ይሆናል። ሕክምናው ከወር አበባ 280፣ ከፅንሰት 266 ቀን ይላል። እኛ የመውለጃውን ቀን ስናሰላ፣ ጳጉሜን በመካከል ከሌለች በወር አበባው ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን፣ ካለች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን እንጨምራለን። መስከረም 12 ያየች ሰኔ 22፣ ጥር 3 ያየች ጥቅምት 8 ትጠበቃለች። ቁጥሩ ከአባቶች አነጋገር ጋር መግጠሙ ደስ ቢያሰኝም፣ መነሻው ግን የተለያየ ነው።

ጥያቄ፦ «ሽል» እና «ፅንስ» አንድ ናቸው?

መልስ፦ በቤት ውስጥ አነጋገር አንድ ናቸው፤ «ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል» ያሉት አበው ሳምንት አልቆጠሩም። በሕክምና ጽሑፍ ግን ብዙዎች እስከ 10ኛው የእርግዝና ሳምንት መጨረሻ ሽል፣ ከዚያ በኋላ ፅንስ ይሉታል፤ ዋና ዋናዎቹ የአካል ክፍሎች የሚመሠረቱት በሽልነት ዘመን ስለሆነ፣ ልዩነቱን መጠበቁን እኔም እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የወር አበባዬን ቀን ባላስታውስስ?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አልትራሳውንድ ይነሡ። በዚያ ወቅት ከራስ እስከ መቀመጫ የሚለካው ርዝመት ዕድሜውን በጥቂት ቀናት ልዩነት ይናገራል፤ እየዘገየ ሲሄድ ግን ሕፃናቱ በመጠን ስለሚለያዩ ግምቱ ይሰፋል።