እህቴ ሻቲላ ካምፕ ገባች

ጥያቄ፦ እህቴ ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ በቅርቡ ወጥታለች። አሁን «ሻቲላ ካምፕ ክፍል ተከራየሁ» ትላለች። እናታችን ድንኳን ውስጥ የወደቀች መስሏት እንቅልፍ አጥታለች። የፍልስጤሞች ካምፕ ውስጥ ሐበሻ ምን ይሠራል?
ወ. ከደሴ

መልስ፦ እናትዎን ያረጋጉልኝ፤ እህትዎ ድንኳን ውስጥ አይደለችም። እኔም ሻቲላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ድንኳን የነበረው እ.ኤ.አ. በ1949 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቀይ መስቀል ከሰሜን ፍልስጤም መንደሮች የተፈናቀሉትን ሲያሰፍር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ በዛ፣ መሬቱ ግን አልሰፋም፤ ስለዚህ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደረበ። መተላለፊያው ውስጥ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ይጠጋል።

ካምፕነቱ ያልቀረው ነዋሪው በሁለቱም ወገን ስለተዘጋበት ነው። እስራኤል ወደ መንደሩ እንዲመለስ አልፈቀደችለትም፤ ሊባኖስ ደግሞ ዜግነት ነፍጋዋለች፣ ከ2001 ጀምሮም ቤትና መሬት በስሙ እንዳይገዛ በሕግ ከልክላዋለች። እዚያው ተወልዶ ላረጀ ሰው ይህ ግፍ ነው።

አከራዬ የነበሩት እናት አገራቸውን ሲጠየቁ የሚጠሩት መጅድ አልክሩምን ነው፤ መንደሯን አይተው የማያውቁት የልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ። ቡና እያፈሉ በመስከረም 1982 ያጧቸውን ጎረቤቶች በስም ይጠሩልኝ ነበር። ያን ጊዜ የእስራኤል ጦር አካባቢውን ከቦ ሳለ የእስራኤል አጋር የነበሩት የፋላንጅ ታጣቂዎች (የሊባኖስ ክርስቲያኖች ቡድን) ገብተው ሕዝቡን ፈጁት። ከ1985 ጀምሮ ደግሞ የአማል ታጣቂዎች (የሊባኖስ ሺዓዎች ቡድን) ካምፑን ከበቡ፤ አስከሬን ማውጣት ስላልተቻለ ሰዉ ሙታኑን መስጊዱ ውስጥ ቀበረ።

ሐበሻ የሚገባው ኪራዩ ረከስ ስለሚል ነው። ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷን ታጣለች፤ የሊባኖስ ፖሊስ ደግሞ ካምፕ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ከሶርያ የሸሹትም ብዙዎች እዚያው ናቸው። እኔን ጎረቤቶቼ ክፉ ቀን አሳልፈውኛል።

የምፈራላት ኤሌክትሪኩን ነው። ሽቦው ከውኃ ቱቦ ጋር ተጠላልፎ ከራስ በላይ ተንጠልጥሏል፤ በዝናብ ጊዜ ሰው ይገድላል። ዝናቡ የሚበረታው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ስለሆነ በእነዚያ ወራት እርጥብ ግድግዳና የብረት በር እንዳትነካ አጥብቀው ይንገሯት። የቧንቧው ውኃ ጨዋማ ነው፤ የሚጠጣውን ትግዛ። የአከራይዋንም ስልክ ቁጥር ይቀበሉ፤ መብራት ጠፍቶ የእርሷ ስልክ ሲዘጋ እናትዎ የሚደውሉበት ይኖራቸዋል።