ከ«ስንት» በፊት ያለችው ቃል

ልጆቼ፣

ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት የጥያቄና መልስ ውድድር እስካሁን ታሳፍረኛለች። ጥያቄዎቹን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ስበት በሌለበት በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያሉ ጠፈርተኞች በ24 ሰዓት ውስጥ ፀሐይ ስንት ጊዜ ስትወጣ ያያሉ?» አንዱ ቡድን እጁን ቀድሞ አውጥቶ «16!» አለ። ጣቢያው ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ ስለሚዞር መልሱ ልክ ነው። አጨበጨብን። ሲያበቃ ግን ከኋላ የነበረች ተማሪ መጣችና «ቲቸር፣ ስበት ከሌለ ምድርን ለምን ይዞራል? ርቆ አይሄድም እንዴ?» አለችኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ጣቢያው ባለበት 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስበቱ እዚህ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። ሰዎቹ የሚንሳፈፉት ከነጣቢያቸው ምድርን እየዞሩ ሳያቋርጡ ስለሚወድቁ ነው። ስንቴ ያስተማርኩት ነገር! ጥያቄውን ስጽፍ ግን ልቤ ቁጥሩ ላይ ነበር።

ዝንጉነት ነው ብትሉኝ አልከራከርም፤ ብቻዬን ግን አይደለሁም። በ1981 እ.ኤ.አ. ኤሪክሰንና ማትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች «ሙሴ ከየእንስሳው ዓይነት ስንት ስንት ወደ መርከቡ አስገባ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የመርከቡን ታሪክ የሚያውቁ ብዙ ሰዎች «ሁለት» ብለው መልሰዋል። ኖኅ የት ሄደ? ሁለቱም የብሉይ ኪዳን ሰዎች ናቸውና አእምሮ «ይመሳሰላል» ብሎ ያሳልፋል። በሙሴ ቦታ ኳስ ተጫዋች ቢገባ ኖሮ ሁሉም ይስቅ ነበር። ስሕተቱ የተቀመጠው ከተጠየቀው ዘንድ አይደለም፤ የታወቀ መስሎ ከቀረበው ዘንድ ነው። በአማርኛማ ይብሳል፦ «ስበት በሌለበት» ከዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ትገባለች፣ «ስንት» እስክትመጣ እሷን ረስተናታል።

እንቆቅልሽ ስንባል «ምን አውቅልህ» የምንለው ተንኮል እንዳለበት አውቀን ነው። «ይህን ያውቃሉ?» ሲሉን ግን ትጥቃችንን እንፈታለን።

ቁጥርም ያው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የትልቁን አንጀት ካንሰር ሥጋት 18 በመቶ ይጨምራል ተባለ። የምን 18 በመቶ? ከ100 ሰው 5 የሚታመም ከነበረ ወደ 6 ይጠጋል እንጂ 23 አይገባም።

እኔ አሁን ጥያቄ ሲደርሰኝ «ስንት»ን አውጥቼ የቀረውን እንደ ወሬ አነበዋለሁ፦ «በጣቢያው ስበት የለም»። እንዲህ ራቁቷን ስትቆም ትታወቃለች። ያን ቀን ነጥቡን የወሰደው ግን «16» ያለው ቡድን ነው፤ ለልጅቷ ምንም አልሰጠኋትም።