«ሚስትህን ተከትለህ ልትሄድ ነው?»

ደብዳቤው ከደብረ ብርሃን ነው የመጣው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«43 ዓመቴ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ የበግ ዝርያ ማሻሻል ላይ የምትሠራ ተመራማሪ ናት። ከተጋባን 12 ዓመት ሆነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። በመጪው ጥቅምት ለአራት ቀን ስብሰባ ሮም ተጋብዛለች። የግብዣ ደብዳቤውን ያሳየችኝ ራሷ ናት። እኔ ደግሞ ታሪክ የምወድ ሰው ነኝ፤ ሮም ሲባል ልቤ ዘለለ። ‹እኔም ልምጣ፣ ሦስት ቀን ጨምረን አብረን ከተማውን እንይ፣ የራሴን ወጪ እችላለሁ› አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ‹እስቲ እናያለን› አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ደግሜ ሳነሳው ‹እኔ ለሥራ ነው የምሄደው፣ እዚያ ሆኜ ስላንተ ማሰብ አልችልም› አለች። ይቺ ቃል በጣም ጎዳችኝ። እኛ ጫጉላ የሚባል ነገር አላየንም። ለወንድሜ ባጫውተው ‹ሚስትህን ተከትለህ ልትሄድ ነው? ሻንጣ ልትሸከም?› ብሎ ሳቀብኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፣ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም። የምትደብቀኝ ነገር ይኖር ይሆን? ወይስ ያበዛሁት እኔ ነኝ?»

ወንድሜ፣ በዕድሜ እኩያዬ ነህና አንተ እያልኩህ ልቀጥል።

ከጥርጣሬህ ልጀምር፤ እሱ ሳይወጣልህ ሌላው የምለው አይገባህም። የምትደብቀው ነገር አላት ወይ? ከጻፍከው ውስጥ እንደዚያ የሚያስብል አንድም ነገር አላገኘሁም። የምትደብቅ ሴት የግብዣ ደብዳቤዋን አምጥታ አታሳይህም። ይሄ ሐሳብ መቼ እንደመጣብህ እስቲ ወደ ኋላ ሄደህ አስታውስ። እኔ ስገምት፣ ከወንድምህ ሳቅ በፊት አልነበረም።

አሁን ወደ «እስቲ እናያለን» እንምጣ። እኔ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። እናቴ «እስቲ እናያለን» ካለች ጫማው እንደማይገዛ በሰባት ዓመቴ አውቅ ነበር። አንተም የዚያው አገር ልጅ ነህ፣ ታውቀዋለህ። ፊት ለፊት «እምቢ» ማለት ነውር ሆኖብን ነው። ግን ባለቤትህ ስትለው «እምቢ» ብቻ አልመሰለኝም። «ልነግርህ የፈራሁት ነገር አለ» ማለትም ሊሆን ይችላል። አንተ ሳምንት ጠብቀህ ያንኑ ጥያቄ ደገምክላት። የፈራችው ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሃትም።

የራሴን ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ናይሮቢ የአምስት ቀን ሥልጠና ነበረኝ፤ ባለቤቴን ይዤው ሄድኩ። ሐሳቡ የኔው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሥልጠና ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁርስ በልቶ ይሆን? ሻይ ሰዓት ላይ ደወልኩ። «አልራበኝም» አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩ። «አንቺ ስትመጪ እንበላለን» አለኝ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍላችን ስገባ መጋረጃው ጠዋት እንደተውኩት ዝግ ነው። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ቋንቋውን የማይሰማውን ቴሌቪዥን ያያል። ጠረጴዛው ላይ እናቱ ቋጥረው የላኩት የዳቦ ቆሎ ፌስታል ባዶውን ተጨማዶ ተቀምጧል። ቀኑን ሙሉ የዋለው በሱ ነው።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ቀን ታክሲ ውስጥ ተጣላን። ሾፌሩ አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገብቶት ሬዲዮውን ዝቅ አደረገልን። ቀጭኔ ያየነው በመጨረሻው ቀን ነው፤ እሱንም ተኳርፈን።

ባለቤቴ ሰነፍ ሰው ሆኖ አይደለም። እኔን ሳይጠብቅ መብላት ክብሬን መንካት መስሎት ነው። እኔ ደግሞ እሱ ጦሙን ውሎ እኔ ቡፌ ላይ ሰሃን ይዤ መሰለፌ አንገበገበኝ። ለካ ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከመተሳሰብ ነው። የሥልጠናውን ነገር ተወው፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ገጾች ባዶ ናቸው።

ስለዚህ «እዚያ ሆኜ ስላንተ ማሰብ አልችልም» የሚለውን ሳነብ ያንተን ያህል አልከፋኝም። አንተ የሰማኸው «ትዝ አትለኝም» የሚል ነው። እኔ የሰማሁት «ካንተ ሌላ ምንም ማሰብ አልችልም» የሚል ነው። እስቲ ቤታችሁን አስበው። ምሳህን ማን ያስባል? ልጆቹ ነገ የሚለብሱት መድረቁን ማን ያያል? እንግዳ ሲመጣ ከሥራ ተጠርታ የምትመጣው ማን ናት? ይሄ ሁሉ ሥራ አብሯት አውሮፕላን ላይ እንዳይሳፈር ፈርታ ይሆናል። ሌላም ሊኖር ይችላል። ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች ፊት ቆማ ስለ በጎቿ ልትናገር ነው። አዳራሹ ውስጥ እናት፣ ሚስት፣ ምራት አይደለችም፤ የሚጠይቋት ስለምታውቀው ነገር ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ አራት ቀናት በዓመት ስንቴ ታገኛለች?

ይሄ የኔ ግምት ነው። ትክክለኛውን የምታውቀው እሷ ናት፣ ልትጠይቃት ግድ ነው። ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ ኩርፊያው ይብቃ። ትዳርን ለአሥርት ዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ጎትማን ትዳርን ይበላሉ ከሚላቸው አራት ነገሮች አንዱ ይሄው ነው፦ እንደ ግድግዳ ዝም ማለት። ሌሎቹ ነቀፋ፣ ንቀትና «እኔ ምን አደረግሁ» እያሉ ራስን መከላከል ናቸው። እኛ አገር ኩርፊያን እንደ ጨዋነት የምናይበት ጊዜ አለ፤ አልተሳደብኩም፣ አልመታሁም፣ ዝም ነው ያልኩት እንላለን። ሦስት ሳምንት ዝም የተባለች ሴት ግን እንደ ጨዋነት አትቆጥረውም።

ልጆቹ ሲተኙ አጠገቧ ቁጭ በልና እንዲህ በላት፦ «ያልሽው ቃል ከፍቶኝ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ግን ልስማሽ። እኔ ብመጣ የሚያስጨንቅሽ ምኑ ነው?» ከዚያ አፍህን ዝጋ። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፣ አውቃለሁ። በተለይ «እኔ እኮ አላስቸግርሽም» የምትል ዓረፍተ ነገር አፍህ ላይ ትመጣለች፤ ዋጣት። እሷን ካልክ ጭንቀቷን ከንቱ ነው አልክባት ማለት ነው። ተናግራ ስትጨርስ ያለችውን በራስህ አነጋገር መልሰህ ንገራት። እንደዚያ ነው ካለችህ ብቻ ወደ ዕቅዱ ግቡ።

ዕቅዱን ወረቀት ላይ ጻፉት። አራቱ ቀን የሷ ነው። ቁርስ አብራችሁ ትበላላችሁ፣ ከዚያ እስከ ማታ አትደውልላትም፣ አደጋ ካልሆነ በቀር። ምሳህን ብቻህን ትበላለህ፤ ይሄን በተለይ ቃል ግባላት። ረቡዕና ዓርብ የምትጦም ከሆነ ማሪናራ የሚባል ፒዛ አለ፤ አይብ የለበትም፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ነው። ስሙን አሁኑኑ ሸምድድ። አንድ ማታ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እራት ከተጠራች ብቻዋን ትሂድ፤ ስትመለስም ፊትህን ጥለህ አትጠብቃት።

ቀኑን ምን አደርገዋለሁ እንዳትለኝ። ታሪክ እወዳለሁ ብለሃል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ በወረራው ጊዜ የተወሰደብን የአክሱም ሐውልት ቆሞ የኖረበት ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶልናል፤ ቦታው ላይ ቆሞ ባዶውን ማየት ራሱ አንድ ነገር ነው። ቴርሚኒ ከሚባለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ደግሞ ዶጋሊ ላይ ለሞቱት የጣሊያን ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ አለ። ዘርአይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘው ከዚያ ጋር በተያያዘ ታሪክ ነው። እነዚህን ለብቻህ እያቸው፣ በእግርህ፣ ሳትቸኩል።

ኮሎሲየምንና ቅዱስ ጴጥሮስን ግን ብቻህን ቀድመህ እንዳታይባት! እነሱን ለሦስቱ የጋራ ቀናት አስቀምጣቸው። ቀድመህ ካየህ «እዚህ ጋ እኮ ትናንት…» እያልክ አስጎብኚ ትሆንባታለህ፤ እሷ ደግሞ በራሷ ጉዞ ላይ ኋላ ቀርታ የመጣች ይመስላታል። የኮሎሲየም ትኬት ፓስፖርት ላይ ባለው ስም የሚቆረጥ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ። የቫቲካን ሙዚየም እሑድ ዝግ ነው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ይከፈታል። ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ከባሲሊካው ጀርባ፣ የሐበሻ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሰተት ብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም፣ ግን ታሪኩ የኛ ሰፈር ነው፦ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሮም ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። አሁንም ከሦስቱ ቀናት አንዱን ሙሉ በሙሉ እሷ ትምረጥ። መተኛት ከመረጠችም ትተኛ፤ አራት ቀን ስብሰባ የቆየ ሰው ይደክመዋል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። የሷን ውሎ አበል አትንኩት፤ ያንተ ወጪ ካንተ ኪስ ይውጣ። ክፍሉ ለሁለት ሰው ሲሆን ልዩነቱን አንተ ክፈል። አብረሃት እንደምትሄድና የመመለሻ ቀኗ እንደሚዘገይ ለመሥሪያ ቤቷ የምትናገረው ራሷ ናት፣ ሦስቱ ቀንም ከዓመት ፈቃዷ ይታሰብ። ሒሳቡን በዩሮ ሥሩት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን በብር የሠራችሁት ሒሳብ ጥቅምት ላይ ላይሠራ ይችላል።

ቪዛው ላይ ግን ልቆይ፤ ብዙ ባልና ሚስት እዚህ ላይ ነው የሚጣላው። ጣሊያን የሚያስገባው የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን ጊዜው አልፏል። ባሏ መሆንህን የምታሳየው በጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። በሽማግሌ ተጋብታችሁ ወረቀቱን እስከ ዛሬ ካላወጣችሁ ወሳኝ ኩነት ቢሮ መሄድ ሊኖርባችሁ ነው። (የ12 ዓመት ትዳር ይዘው ቢሮው በር ላይ እንደ አዲስ ሙሽራ እየተሳሳቁ የቆሙ ሰዎች አውቃለሁ። ጫጉላ ካላያችሁ ከዚያ ጀምሩት።) ዋናው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ የሷ ተፈቅዶ ያንተ ቢከለከልስ? ግብዣው የሷ ነው፤ ያንተ የመከልከል ዕድል ይሰፋል። «ያኔ አንቺ ሂጂ፣ እኔ ልጆቹን እይዛለሁ» የሚለውን ዛሬ፣ ውጤቱ ሳይታወቅ ንገራት። ከተከለከልክ በኋላ ብትለው ፊትህ ላይ ሌላ ነገር ታነባለች።

ወንድምህ? አዎ፣ ተከትዬ ልሄድ ነው በለው። ሻንጣም ተሸከም። የድሮዋ ሮም መንገድ በትናንሽ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ጎማ ያለው ሻንጣ እየተንገጫገጨ ክንድ ያወልቃል፣ የሚሸከም ሰው ትፈልጋለች።

ጠይቀሃት፣ ሰምተሃት፣ አሁንም «ይሄኛውን ብቻዬን ልሂደው» ካለችስ? ትችላለች። ያኔ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኛት፤ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ለጨዋታ በቂ ነው። አብሮ የማየቱን ጉጉትህን ግን አትጣለው። መንገዱ ሰላም ሲሆን አንኮበር ከቤታችሁ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያው አቅራቢያ ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ፤ በምኒልክ ፈቃድ የጣሊያን ተመራማሪዎች ሰፍረውበት ነበር። አለቃቸው አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ ተቀብሯል። እሷ ከሮም ስትመለስ ልጆቹን ለአያታቸው ስጡና ሁለት ሌሊት እደሩ። የአንኮበር ሌሊት ይበርዳል፤ ባና መያዝ እንዳትረሱ።