ስፖንሰሩ ራሱ ውጭ አገር ሲኖር፦ ስለ «ዶሚሳይል» የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ዶሚሳይል» ስለሚባለው ነገር ይጠይቃሉ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ለትዳር ጓደኛው ስፖንሰር ሲሆን አይ-864 የተባለውን የድጋፍ ቃል መግቢያ ቅጽ ይፈርማል። ፈራሚው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ዋና መኖሪያውም ከ50ዎቹ ግዛቶች በአንዱ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ወይም በሌላ የአሜሪካ ግዛት ሥር ባለ ቦታ መሆን ይኖርበታል። ዶሚሳይል የሚባለው ይኸው ነው፤ አሜሪካ ያለ ዋና መኖሪያ፣ እዚያው ለመቀጠል ካለ ሐሳብ ጋር። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ተቀምጦ ለሚያመለክት ሰው ትልቁ ፈተናም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። አገሬ ከተመለስኩ 6 ዓመት ሆኖኛል፤ በቢጫ ካርድ እኖራለሁ፤ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ለባለቤቴ ያስገባሁት አይ-130 (የቤተሰብ ማመልከቻ ቅጽ) ጸድቋል። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ጥሩ ገቢ ስላለው ተባባሪ ስፖንሰር ሆኖ ፈርሞልናል። ባለቤቴ ኢንተርቪው ስትገባ ግን ቆንስሉ የእኔን ዶሚሳይል የሚያሳይ ማስረጃ እንድታመጣ የሚያዝ ወረቀት ሰጥቶ መለሳት። ወንድሜ እያለ ምን ጎደለ?

መልስ፦ የወንድምዎ ወረቀት ሙሉ ሊሆን ይችላል። ተባባሪ ስፖንሰር ግን የሚሸፍነው የገቢ ጉድለትን ብቻ ነው። ዶሚሳይል የአመልካቹ፣ ማለትም የእርስዎ የራስዎ ግዴታ ነው። እርሱ ካልተሟላ ተባባሪው ሚሊዮን ዶላር ቢኖረውም ቅጹ ዋጋ የለውም።

ሕጉ ሁለት በር ይከፍታል። አንደኛው «የወጣሁት ለጊዜው ነው፤ መኖሪያዬን አልለቀቅሁም» የሚል ነው። ሁለተኛው «አሁን ውጭ ነኝ፤ ነገር ግን ባለቤቴ አሜሪካ ከምትገባበት ቀን ሳላሳልፍ እዚያ መኖሪያዬን እመሠርታለሁ» የሚል ነው። ለ6 ዓመት በቢጫ ካርድና በቋሚ ቅጥር ለኖረ ሰው የመጀመሪያው በር ጠባብ ነው። እርስዎ ሁለተኛውን ይምረጡ፤ ሁለቱን ግን አይቀላቅሉ። ቅጹ ላይ «ከአሜሪካ አልወጣሁም» የሚመስል ነገር ተሞልቶ ደብዳቤው «ልመለስ ነው» ሲል ቆንስሉ ሁለቱንም ይጠራጠራል።

ቅጹን እንደገና ያውጡና የእርስዎን መረጃ የሚጠይቀውን ክፍል ይመልከቱ። የፖስታ አድራሻ፣ የሚኖሩበት አድራሻና «የዶሚሳይል አገር» የሚሉ የተለያዩ ቦታዎች አሉ። የፖስታ አድራሻው የወንድምዎ ቢሆን ችግር የለውም። የሚኖሩበት አድራሻ ግን ዛሬ የሚያድሩበት የአዲስ አበባው ቤት ነው። እዚያ የወንድምዎን ቤት መጻፍ በሐሰት መፈረም ነው፤ የባለቤትዎ ዲኤስ-260 (የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ) እና የግብር ወረቀትዎም ያጋልጡታል። በዶሚሳይል አገር ቦታ ላይ «ኢትዮጵያ» ብሎ ጽፎ ምንም ሳያያይዙ መላክ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። «አሜሪካ» ብሎ ጽፎ ዝም ማለትም አይረዳም። ከጎኑ «ማብራሪያ ተያይዟል» ብለው ደብዳቤ ያያይዙ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቀን ወይም አባሪ ቁጥር ይኑረው። ለምሳሌ፦ «ባለቤቴ ቪዛ ባገኘች በ60 ቀን ውስጥ አብረን እንጓዛለን። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የወንድሜ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ይዘን እንቀመጣለን (አባሪ 1)። ለሥራ ያመለከትኩባቸው ድርጅቶች መልስ ተያይዟል (አባሪ 2)። አዲስ አበባ ያለው የቤት ኪራይ ውሌ በሐምሌ ያበቃል፤ አላድስም (አባሪ 3)።» «አገሬን አሜሪካን እወዳለሁ» የሚል አንቀጽ ቦታ ከመያዝ በቀር የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

አባሪዎቹ በሁለት ወገን ይሁኑ፤ እዚያ የሚተክሉትና እዚህ የሚነቅሉት። አብዛኛው ሰው እዚያ የሚተክለውን ብቻ ይሰበስባል። የአሜሪካ ባንክ ሒሳብና ወደዚያ የተላለፈ ገንዘብ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የዘመድ ደብዳቤ፣ የሥራ ማመልከቻና የተሰጠ መልስ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ ልጆች ካሉ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ በዜግነትዎ የመራጭነት ምዝገባ ጥሩ ናቸው። ኢንተርቪው አንድ ሳምንት ሲቀረው በ100 ዶላር የተከፈተ ሒሳብ ግን ክብደቱ ትንሽ ነው። ወንድምዎ የሚጽፈው ደብዳቤ አድራሻውን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትገቡና የትኛውን ክፍል እንደምትይዙ ይናገር፤ በኖተሪ ይፈረም። የቤቱ ባለቤት ከሆነ የባለቤትነት ወረቀቱ፣ ተከራይ ከሆነ ደግሞ ውሉና የአከራዩ ፈቃድ፣ ከቅርብ ጊዜ የመብራት ሒሳብ ጋር አብሮ ይያያዝ። ብዙ የኪራይ ውሎች ተጨማሪ ነዋሪ ስለሚከለክሉ የአከራዩን ፈቃድ አይዝለሉት።

እዚህ የሚነቅሉት ደግሞ የአሠሪዎ ደብዳቤ፣ የኪራይ ውል ማብቂያ፣ የልጆች የትምህርት ቤት መሸኛ፣ የመኪና ሽያጭ ውል፣ የዕቃ ጭነት ዋጋ ማቅረቢያ ነው። ንግድ ፈቃድ በስምዎ ካለ ማን እንደሚረከበው ይግለጹ፤ ቆንስሉ ዝም ያሉትን ንግድ «አይመለስም» ብሎ ያነበዋል። ሥራዎን ግን ቪዛው ሳይወጣ አይልቀቁ። ጉዳዩ ሲዘገይ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ ይቸገራል። አሠሪዎ «ቪዛው ሲወጣ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚለቅ አሳውቆናል» ብሎ ቢጽፍልዎ ይበቃል።

ገቢን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባ ደመወዝዎ አሜሪካ ከገባችሁ በኋላ ከዚያው ምንጭ ካልቀጠለ አይቆጠርም። ስለዚህ ወንድምዎ ያስፈልጋል፤ ገቢው ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ መድረስ አለበት። በ2025 እ.ኤ.አ. ለሁለት ሰው 26,437 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ ይቀየራል። የሚቆጠረው ወንድምዎ፣ ካገባ የትዳር ጓደኛው፣ በእርሱ ሥር ያሉ ጥገኞችና ባለቤትዎ ናቸው። ወንድምዎ ቢፈርምም የእርስዎ አይ-864 አይቀርም፤ ገቢዎ ዜሮ ቢሆንም እንኳ ፈርመው ያስገባሉ።

ባለቤትዎ የተሰጣት ወረቀት የመጨረሻ ውድቅ ማድረጊያ አይደለም፤ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 221(ጂ) መሠረት ጉዳዩ ማስረጃ እስኪመጣ ተይዟል ማለት ነው። የተጠየቀውን ለማቅረብ 1 ዓመት አላችሁ። ከዚያ በላይ ዝም ካላችሁ ፋይሉ ይዘጋል፤ ክፍያውም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ድርጅቱ ከቴክሳስ ወደ ዱባይ ቅርንጫፉ ለ3 ዓመት ልኮት ነው የመጣው። እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ሥራውን ለቆ አሜሪካ መግባት አለበት ወይ?

መልስ፦ የእርስዎ ባለቤት በመጀመሪያው በር ሊገቡ ይችላሉ። ውጭ አገር እየሠራ ዶሚሳይሉ እንዳልተቋረጠ የሚቆጠርለት ሰው በሕጉ ተለይቶ ተቀምጧል፦ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ፣ ዕውቅና ያለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ሠራተኛ፣ በውጭ ንግድ የተሰማራ የአሜሪካ ድርጅት ወይም ቅርንጫፉ ሠራተኛ፣ አሜሪካ በስምምነት ወይም በሕግ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ፣ እንዲሁም አሜሪካ ውስጥ ድርጅት ያለው የሃይማኖት ተቋም አገልጋይ። የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች፣ አዲስ አበባ ያለው የኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠራተኞች ጭምር፣ በአራተኛው ይገባሉ።

የድርጅቱ ስም አሜሪካዊ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ቅርንጫፉ ለብቻው የተቋቋመ ኩባንያ ከሆነ ከ50 በመቶ በላይ አክሲዮኑ የአሜሪካ ድርጅት መሆን አለበት። የአሜሪካ ስም ለጥፎ የሚሠራ የአካባቢ ባለሀብት ሆቴል አያልፍም። ስለዚህ የአሠሪው ደብዳቤ ባለቤትነቱን፣ ባለቤትዎ የተላኩበትን ቀንና የሚመለሱበትን ጊዜ ይግለጽ። ከተመለሱ በኋላ በዚያው ድርጅት ሥራቸው የሚቀጥል ከሆነም ይጻፍ፤ ያኔ ደመወዛቸውም ይቆጠራል።

ከእነዚህ ምድቦች ውጭ የሆነ ሰው ግን ሦስት ነገር ያሳያል፦ የወጣው ለተወሰነ ጊዜ መሆኑን፣ ሲወጣ የመመለስ ሐሳብ እንደነበረው፣ ከወጣም በኋላ ግንኙነቱ እንዳልተቋረጠ። የቴክሳስ የባንክ ሒሳብ የ3 ዓመት መግለጫ፣ ያልተሸጠ ቤት፣ ዕቃ የተቀመጠበት የማከማቻ ኪራይ፣ ከውጭ ሆኖ በፌዴራል ፖስት ካርድ ማመልከቻ ድምፅ የሰጠበት ማስረጃ እዚህ ጋ ይጠቅማሉ። ከዓመት ዓመት የተያያዘ ወረቀት ከአሥር አዳዲስ ወረቀት ይበልጣል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። የውጭ ገቢን ከግብር ለማስቀነስ ቅጽ 2555 ሲሞላ «በውጭ አገር ነዋሪ ነኝ» በሚለው መስፈርት ከተሞላ፣ ለቆንስሉ «ለጊዜው ነው የወጣሁት» ከማለት ጋር ሊጋጭና ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። በ12 ወር ውስጥ 330 ቀን ውጭ በመገኘት ላይ የተመሠረተው መስፈርት ግን ስለ ሐሳብ አይጠይቅም። ግብር የሚሠራላችሁ ሰው ሁለቱንም ወረቀት አይቶ ይወስን።

ጥያቄ (ከእስራኤል)፦ እናቴ አሜሪካዊት ስለሆነች በልደት ዜጋ ነኝ፤ አሜሪካ ግን ኖሬ አላውቅም። ባለቤቴ እስራኤላዊ ነው። ስፖንሰር መሆን እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ሕጉ ቀድሞ መኖርን አይጠይቅም፤ በሁለተኛው በር ይግቡ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌለዎት ያንን አስቀድመው ያውጡ፤ ያለ እርሱ አይ-864 አይሟላም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግብር ላይ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር ገቢው ከወለሉ ካለፈ ያሳውቃል፤ ያላገባ ሰው የሚያውቀው ወለል ደግሞ ለእርስዎ አይሠራም። ዜጋ ያልሆነ የትዳር ጓደኛ ያለውና ለብቻው የሚያስታውቅ ሰው ወለሉ 5 ዶላር ነው። ስለዚህ «ገቢዬ ትንሽ ነበር» የሚለው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ አያስኬድም። ቢያንስ የቅርቡን ዓመት ሞልተው ኮፒውን ከቅጹ ጋር ያያይዙ፤ ያለፉትን ዓመታት ስለማስተካከል ደግሞ ባለሙያ ያማክሩ። በውጭ ባንኮች ያለዎት ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ እርሱም ለብቻው ይገለጻል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ግሪን ካርድ አለኝ። እናቴ ታማ 14 ወር ቆየሁ። አሁን ባለቤቴን ስፖንሰር ላድርግ?

መልስ፦ ለእናትዎ ምሕረት ያውርድልዎት። ከስፖንሰርነቱ በፊት ግን የራስዎ ግሪን ካርድ ያሳስበናል። ከአሜሪካ ሳይወጡ ያስገቡት የመመለሻ ፈቃድ ከሌለዎት፣ ከ1 ዓመት በላይ ውጭ ከቆዩ ካርዱ ብቻውን አያስገባዎትም። ኤስቢ-1 የተባለውን የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ በኢምባሲ ይጠይቁ። ስትወጡ የመመለስ ሐሳብ እንደነበረዎትና የዘገዩት ከአቅምዎ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን የእናትዎ የሐኪም ወረቀት ሊያስረዳልዎት ይችላል። ቪዛውን አግኝተው አሜሪካ ሲመለሱ ለባለቤትዎ ያመልክቱ። ዜጎች ዶሚሳይል ለማሳየት ድምፅ ሰጥተናል ሲሉ ሰምተው እንዳይመዘገቡ፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ድምፅ መስጠት ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ቦሌ ያለኝን ቤት ለገቢ ማስረጃ ማቅረብ እችላለሁ?

መልስ፦ በሐሳብ ደረጃ ይቻላል፤ ለዜጋ የትዳር ጓደኛ ጉዳይ ንብረቱ ከገቢ ጉድለቱ 3 እጥፍ ሊሆን ይገባል። ነገር ግን በ1 ዓመት ውስጥ ተሽጦ ገንዘቡ ከአገር ሊወጣ መቻል አለበት፤ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ባለበት ይህን ማሳመን ከባድ ነው። ተባባሪ ስፖንሰር መፈለግ ይሻላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ከባለቤቴ ቀድሜ ስንት ወር አሜሪካ መቆየት አለብኝ?

መልስ፦ ወር የሚባል ግዴታ የለም። በአንድ አውሮፕላን ብትገቡ ይበቃል፤ ዋናው እርሷ ቀድማ አለመግባቷ ነው። እርስዎ በኋላ ሊከተሉ እርሷ ብቻዋን ብትደርስ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ሊጠይቃት፣ ሊመልሳትም ይችላል። ቲኬቱን ቪዛው ላይ ካለው የማብቂያ ቀን ጋር አነጻጽረው ይቁረጡ፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር አይበልጥም፤ የሕክምና ምርመራው ቀን ያሳጥረዋል። የደብዳቤዎን ኮፒ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። አሜሪካ ገብተው አድራሻ በቀየሩ ቁጥር ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ አይ-865 በተባለው ቅጽ ያሳውቃሉ፤ ለምሳሌ ከዘመድ ቤት ወጥታችሁ የራሳችሁን ስትከራዩ።