አምስት ደቂቃ የነፈግኩት ልጅ

ባለፈው እሁድ እዚህ ቱሉ ዲምቱ እኛ ብሎክ የምትኖር ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ይሄ የኦንላይን ሃይስኩል ዲፕሎማ የእውነት ነው? የአሜሪካ ነው ይላል።» ቶሎ መልስ አልወጣኝም።

ከዓመታት በፊት ሌላ ልጅ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። ያኔ የአንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ነበርኩ። እናቱ እንጀራ ጋግራ ነው ያሳደገችው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልሆነለትም። የምዝገባ ሰሞን ስለነበር ሰልፉ ከቢሮዬ በር እስከ ደረጃው ድረስ ነው። ስልኩን ዘረጋልኝ። ባንዲራ አለ፣ ጋውን የለበሱ ልጆች አሉ፣ ከታች «እውቅና ያለው» ይላል። «አሜሪካ አይደል እንዴ፣ ምን ችግር አለው» አልኩት። ልጁ የሬጅስትራር ቃል ይዞ ሄደ።

እናቱ የዕቁቧን ብር ከፈለች። ዲፕሎማው በሦስት ሳምንት መጣ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ወርቃማው ማህተም በአውራ ጣት ሲዳሰስ ጉብ ጉብ ይላል። እኔም ዳስሼ አደነቅኩ። የአራት ዓመት ትምህርት በሦስት ሳምንት እንዴት አለቀ ብዬ አልጠየቅኩም። የውጭ ዲፕሎማ ከአገራችን ትምህርት ጋር እኩል መሆኑ የሚረጋገጥበትን አቻ ግምት ሲጠይቅ ውድቅ ሆነ። እውቅና ሰጪ የተባለው ድርጅት ስሙ ብቻ ነበር ያለው። ፋይሉን የመለስኩለት እኔው ነኝ። ለእናቱ ልነግራት ቤቷ ሄድኩ። ሊጥ የነካ እጇን በሽርጧ ጠርጋ «ይሁን እንግዲህ ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ ሌላ አልተናገረችም።

የዛሬ ልጆች ችኩሎች ናችሁ፤ ይህን ሳልል አላልፍም። ግን አልፈርድባችሁም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን ያየ ልጅ ሌላ በር ቢያንኳኳ ምን ይገርማል? የቸኮልኩትስ እኔ አይደለሁም?

እውነተኛ የኦንላይን ትምህርት ቤት አለ። አሜሪካ ውስጥ ለሃይስኩል እውቅና የሚሰጡት እንደ ኮግኒያና ሚድል ስቴትስ ያሉ ድርጅቶች ናቸው። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ለሃይስኩል እውቅና አይሰጥም፤ «ሚኒስቴሩ እውቅና ሰጥቶናል» የሚል ካያችሁ ዝጉት። ትምህርት ቤቱ የለጠፈውን ሊንክ አትጫኑ። የእውቅና ሰጪውን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱና የትምህርት ቤቱን ስም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ። አጭበርባሪዎቹ እውቅና ሰጪውንም ራሳቸው ይፈጥሩታል። ስሙ ቢገኝ እንኳ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አቻ ግምት የሚሠራውን ቢሮ ጠይቁ። እዚህ ካልተቀበሉት እዚህ ለመማር አይረዳችሁም።

ልጅቷን ለነገ ማታ ቀጥሬያታለሁ። ስልኳን ይዛ ትመጣለች፤ አብረን እንፈልጋለን።