ኢኮኖሚክስ ወይስ አካውንቲንግ? ጎንደር ወይስ አዲስ አበባ?

ከአዘዞ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ጥያቄሽን በሚገባ አንብቤዋለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን በማኅበራዊ ሳይንስ አልፈሻል፤ ሐሳብሽ ኢኮኖሚክስ ተምረሽ ባንክ ወይም ሌላ የፋይናንስ ተቋም መግባት ነው። አባትሽ «አካውንቲንግ ሥራ አያሳጣም» ይላሉ። የአጎትሽ ልጅ ደግሞ «አዲስ አበባ ካልተማርሽ ማን ዞር ብሎ ያይሻል» ብላሻለች። አንቺ ከቤት ሳትርቂ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ብትማሪ ደስ ይልሻል፤ ግን «ፈርቼ ይሆን ጎንደርን የመረጥኩት?» ብለሽ ተጠራጥረሻል።

መጀመሪያ የሚያረጋጋሽን ልንገርሽ። አሁን የምትሞዪው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ነው። ዲፓርትመንት የሚደለደለው ፍሬሽማን ከተጠናቀቀ በኋላ፣ በአብዛኛው በአንደኛ ዓመት ውጤት ነው። ስለዚህ ከአባትሽ ጋር የያዛችሁት ክርክር ገና አንድ ዓመት ጊዜ አለው። በዚያ ዓመት ውስጥ ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚሰጠውን ሒሳብና የኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ ትወስጃለሽ። ከእኔም ከአባትሽም በላይ የሚመክሩሽ እነዚያ ሁለቱ ናቸው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ብዙ ተማሪ ኢኮኖሚክስ የሚገባው ከሒሳብ ያመለጠ መስሎት ነው። 12ኛ ክፍል ላይ የተማርሽው ኢኮኖሚክስ አብዛኛው ትርጓሜና ማብራሪያ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ላይ ግን ካልኩለስ አለ፣ ሊኒየር አልጀብራ አለ፣ ስታቲስቲክስ አለ፣ ከዚያም ብዙዎችን የሚያስለቅሰው ኢኮኖሜትሪክስ፣ ማለትም የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መተንተን፣ ይመጣል። ለፋይናንስ ሥራ ከኢኮኖሚክስ የሚገኘው ትልቁ ትርፍ ደግሞ ከእነዚሁ ነው። እነሱን በሲ እየተንጠለጠለ ያለፈ ተማሪ ዲግሪው ላይ ኢኮኖሚክስ ተብሎ ይጻፍለት እንጂ ከሙያው የያዘው ጥቂት ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ የሒሳብ ውጤትሽን አልነገርሽኝም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የፈለግሁት እሱን ነበር።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ፤ ትክክል የሆኑበት ቦታ አለና። ማንኛውንም የባንክ የሥራ ማስታወቂያ ብታዪ «በአካውንቲንግ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ ሙያ» ይላል። በሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚለየው ነጥብሽና የጽሑፍ ፈተናው ነው። ገብተሽ መጀመሪያ የምትቀመጪውም ቴለር መስኮት ላይ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ከርቭ የሚጠይቅሽ ደንበኛ የለም። ባንክ ባይሳካስ? አካውንታንት ከሆንሽ ሆቴሉም፣ ፋብሪካውም፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቱም፣ ትምህርት ቤቱም ይፈልግሻል። የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ጎንደር ከተማ ውስጥ በቀጥታ በሙያው የሚፈለግበት ቦታ ያንን ያህል ሰፊ አይደለም፦ ገንዘብ መምሪያ፣ ፕላን፣ ማይክሮ ፋይናንስ፣ የባንኮች የብድር ክፍል። ይህን እያወቅሽ ምረጪ።

ታዲያ ኢኮኖሚክስ የት ላይ ይጠቅማል? ከመስኮቱ ከተነሣሽ በኋላ። እዚሁ ካለው ሥራ ምሳሌ ልስጥሽ። የመተማ ወይም የሑመራ ሰሊጥ የሚገዛ አንድ ነጋዴ በመኸር ወቅት ብድር ይጠይቃል እንበል። የብድር ተንታኟ መጀመሪያ የሒሳብ መግለጫውን ታያለች፤ ገቢው፣ ዕዳው፣ የገንዘብ ፍሰቱ። ይሄ አካውንቲንግ ነው፤ የማታውቀው ከሆነ ነጋዴው ያመጣላትን ወረቀት ሁሉ አምና ትፈርማለች። ግን ሰሊጥ የኤክስፖርት ዕቃ ነው፤ ትልቁ ገዢ ቻይና ናት። የዓለም ዋጋ በመከር ወቅት ቢወርድስ? ብር ከዶላር አንጻር ቢለወጥስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በአሮጌው ተመን ተሰልቶ የነበረ የኤክስፖርትም የኢምፖርትም ዕቅድ ሁሉ እንደገና መሰላት ነበረበት። ብሔራዊ ባንክ በዚያው ሐምሌ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን (ለሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆነውን) ሲያወጣም፣ ይህ ለባንኩ የገንዘብ ዋጋ ምን ማለት እንደሆነ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልግ ነበር። የብድር ክፍል፣ የሪስክ (የስጋት) ክፍል፣ የባንኩን ገንዘብ የሚያስተዳድረው ትሬዠሪና የብሔራዊ ባንክ የጥናት ክፍል የሚፈልጉት እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው። እኔ ኢኮኖሚክስን የምደግፈው ለመጀመሪያው ሥራ ሳይሆን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ነው።

ስለ አክሲዮን ገበያውም አንሥተሽ ነበር። እውነት ነው፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆኗል። በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ሁሉም በጎ ነው። ሆኖም ለጊዜው የአክሲዮን ገበያው ሥራ ጥቂት ነው፣ ያለውም አዲስ አበባ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ እሱን ብቻ እያለምሽ አትማሪ።

የኢኮኖሚክስን ጉድለትም ልንገርሽ፤ መምህራኑ እንዲህ ስል ቢሰሙ ላይወዱኝ ይችላሉ። በአገራችን የዲፓርትመንቱ ትምህርት ወደ ልማት፣ ወደ ግብርናና ወደ ድህነት ጉዳዮች ያደላል። ለአገር የሚገባ ነው፤ ነገር ግን የአንድን ኩባንያ ባላንስ ሺት (የሀብትና የዕዳ መግለጫ) አንብቦ ዋጋውን መገመት እዚያ ውስጥ በበቂ አታገኚውም። ያንን ራስሽ መሙላት አለብሽ። የአካውንቲንግ መግቢያ ኮርሶችን ስትወስጂ እንደ ማለፊያ አትቁጠሪያቸው። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ከድረ ገጹ አውርደሽ ከፊት እስከ ኋላ አንብቢ፤ ተቀማጩ ስንት ነው፣ ብድሩ ስንት ነው፣ የተበላሸው ብድር ድርሻ ስንት ነው ብለሽ ከሌላ ባንክ ጋር አወዳድሪ። የብሔራዊ ባንክ የሩብ ዓመትና ዓመታዊ ሪፖርቶችም በነጻ ይገኛሉ። ኤክሴልን ግን እስከዚያ አትጠብቂ፤ ከፍሬሽማን ክረምት ጀምሪ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በሰሊጥ ንግድ ብድር ላይ ብትሠሪው ደግሞ ለቃለ መጠይቅ የምትናገሪው ነገር አገኘሽ ማለት ነው።

ኤሲሲኤና ሲኤፍኤ ያልሻቸውን ዓለም አቀፍ የአካውንቲንግና የፋይናንስ የሙያ ማረጋገጫዎች ለጊዜው ተያቸው። ክፍያቸው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሥራ ከያዝሽ በኋላ ይደረስባቸዋል።

ጎንደር ወይስ አዲስ አበባ? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ዝርዝር በጣም ተቀራራቢ ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ተመራቂ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ አያገኝም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ስለተጀመረ ሰው ስሙን ሲሰማ ሐኪም ነው የሚታየው፤ ማራኪን ማንም አያነሣውም። ይህ ዝና ነው እንጂ የትምህርት መለኪያ አይደለም። አዲስ አበባ የምትበልጥበት በአንድ ነገር ነው፦ የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤት በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ነው፤ ልምምድም ትውውቅም ይቀላል። በአንጻሩ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው፤ የከተማው ኑሮ ውድ ነው፤ የመንገዱን ነገርም አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ፈተናውን ካለፍሽና የሚያስጠጋሽ ዘመድ ካለ ሂጂ። ካልሆነ ጎንደር ተማሪ፤ አዲስ አበባ ለሥራ ወይም ለማስተርስ ትደርሺባታለሽ። ይሄ ፍርሃት አይደለም።

ምርጫውን ከመሙላትሽ በፊት ግን አንድ ቀን ማራኪ ሄደሽ የአራተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችን አነጋግሪ። ኢኮኖሜትሪክስን በኮምፒውተር ተለማምዳችኋል ወይስ በሰሌዳ ላይ ብቻ? ባለፈው ዓመት ከክፍሉ ስንቱ የመውጫ ፈተናውን አለፈ? ልምምድ የወጡት የት ነበር? ለአባትሽም መልሱን ይዘሽላቸው ሂጂ፤ «ፍሬሽማን ላይ ሒሳቡ ከከበደኝ አካውንቲንግ እገባለሁ» ብለሽ ቃል ግቢላቸው። እኔም ብሆን የምመክርሽ ይህንኑ ነው፦ በሒሳቡ ቢ እና ከዚያ በላይ ካመጣሽ ኢኮኖሚክስ፣ ከዚያ በታች ከሆነ አካውንቲንግና ፋይናንስ። የአንደኛው ሴሚስተር ውጤት ሲወጣ ጻፊልኝ፤ የሒሳቡን ለብቻ።